ወገቤን በሜትር ለካሁ፣ ከዚያ ደሜን ተመረመርኩ

ቁመቴ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቴ ያኔ 69 ኪሎ ነበር። ክብደትን ከቁመት ጋር በሚያነጻጽረው፣ ቢኤምአይ በሚባለው ስሌት 23.9 ይመጣል። ጤነኛ የሚባለው ከ18.5 እስከ 24.9 ስለሆነ፣ በዚህ ሂሳብ ምንም የለብኝም። እጅና እግሬ ቀጭን ነው። ቦርጭ ግን ነበረኝ። ዘመድ ሲያየኝ ደግሞ "ተመችቶሃል" ነበር የሚለኝ።

አባቴም እንዲሁ ነበር፤ ቀጫጭን እግር፣ ገፋ ያለ ሆድ። ስኳር እንዳለበት የታወቀው የእግሩ ቁስል አልድን ብሎ ሐኪም ቤት ሲሄድ ነው። ዶክተሩ ነገሩ ከዓመታት በፊት የጀመረ መሆኑን ነገረን። ያ አባባል ከአእምሮዬ አልወጣም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሆዱን እያየን ጤና ነው እንል ነበርና።

ኢንሱሊን ከቆሽት የሚወጣ ሆርሞን ነው። ጡንቻ ስኳርን ከደም እንዲወስድ፣ ጉበትም ስኳር መልቀቁን እንዲቀንስ ያዛል። ኢንሱሊን ሬዚስታንስ የሚባለው አካላቱ ይህን ትእዛዝ ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሉት ነው። ቆሽት ደግሞ ዝም አይልም፤ የበለጠ ያመነጫል። ስለዚህ የደም ስኳር ለዓመታት ደህና ሆኖ ይታያል። ቁጥሩ የሚበላሸው ቆሽት ሲያቅተው ነው።

ስብም ሁሉ አንድ አይደለም። ዳሌና ጭን ላይ ከቆዳ ሥር ያለው ያን ያህል አያስቸግርም። መዘዘኛው ሆድ ውስጥ፣ አንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ነው። ከእሱ የሚለቀቀው የስብ አሲድ በደም ሥር በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። ሚዛን ላይ ስንወጣ ስቡ የት እንዳለ አናውቅም። ወገብ ስንለካ ግን ፍንጭ እናገኛለን።

አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ገዛሁ። አለካኩ ቀላል ነው፣ ግን ወግ አለው። ልብስ ይወልቃል ወይም ወደ ላይ ይጠቀለላል። በጎን በኩል የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት በጣት ትፈልጋላችሁ። ቀጥሎ የዳሌ አጥንት ጫፍን። ሜትሩ የሚያልፈው በሁለቱ መሃል ነው። ዙሪያውን እኩል መሆኑን በመስታወት እዩ፤ ከኋላ ቶሎ ይንሸራተታል። ቆዳውን ይንካ እንጂ አያጥብቀው። ሆድ አይሳብም። እንደ ወትሮው ተንፍሳችሁ አየሩ ሲወጣ ቁጥሩን ታነባላችሁ። እኔ ጠዋት፣ ቁርስ ሳልበላ ነው የምለካው።

95 ሴንቲሜትር ወጣ። የሱሪዬ ቁጥር 34 ነው፤ ወደ 86 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። ልዩነቱ የመጣው ሱሪ ከቦርጭ ሥር ስለሚታጠቅ ነው። የሱሪ ቁጥራቸውን ይዘው "ወገቤ ደህና ነው" የሚሉ ወንዶች ብዙ ናቸውና ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ወገብን እንደ አደጋ ይቆጥራል። ይህ ልክ የወጣው ከአውሮፓውያን ነው። ከሰሃራ በታች ላሉ አፍሪካውያን የራሳቸው በቂ መረጃ እስኪገኝ በዚሁ እንዲሠራ ነው ፌዴሬሽኑ የመከረው። ስለዚህ እኔ የወደድኩት ሌላውን መንገድ ነው፦ ወገብ ከቁመት ግማሽ ማነስ አለበት። ለዚህ ቁጥር ማንበብም አያስፈልግም። ሲባጎ በቁመታችሁ ልክ ቁረጡ፣ ለሁለት እጠፉት፣ ወገባችሁ ላይ አዙሩት። ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ ወደ ምርመራ ሂዱ። የእኔ 10 ሴንቲሜትር ጎደለው።

ቤተሰቡንም በዚሁ ሲባጎ ለካሁ። እማዬ መቀነቷን እንድትፈታ ሳስቸግራት "ደግሞ ይሄ ምንድነው ልጄ" አለች፤ የአባቴን ነገር ሳነሳባት ግን ፈታች። የእሷ ተገናኘ። የእህቴ አልተገናኘም። እሷን ስለካ አንገቷን ከኋላ አየሁት። ጠቁሯል፣ ወፈር ብሎ እንደ ከፋይ ይለሰልሳል። ቆሻሻ መስሏት በሎሚ ስትፈትገው ነው የኖረችው። ይህ የቆዳ ለውጥ አንገትና ብብት ላይ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከኢንሱሊን ብዛት ጋር የተያያዘ ነው። ፈትጎ የሚለቅ አይደለም። እንዲህ ያለ አንገት ያለው ሰው ካያችሁ እባካችሁ በንጽህና አትሙት፣ እንዲመረመር ንገሩት።

ከዚያ ላቦራቶሪ ሄድን። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 108 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር፤ ከ100 እስከ 125 ያለው የቅድመ ስኳር፣ ማለትም ገና ስኳር ሕመም ያልተባለ ግን ከጤነኛው ያለፈ ክልል ነው። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ 198፣ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል፣ 36። የመጀመሪያው ከ150 በታች፣ ሁለተኛው ለወንድ ከ40 በላይ መሆን ነበረበት። ዶክተሩ የስኳርን የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየውን ምርመራም አዘዘልኝ። የኢንሱሊንን መጠን ራሱን መለካትም ይቻላል። ኢንሱሊን ሬዚስታንስን የሚገምት፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ኦክስፎርድ ላይ የወጣ ስሌት አለ፦ የባዶ ሆድ ስኳር በኢንሱሊኑ ተባዝቶ ለ405 ይካፈላል። ስኳሩ 90፣ ኢንሱሊኑ 18 የሆነ ሰው 4 ይመጣበታል። ስኳሩን ብቻ ያየ "ደህና ነህ" ብሎ ይሸኘዋል፤ 4 ግን ከፍተኛ ነው።

የእኛን ሰው ነገር ሳስብ በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ይታወሱኛል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ሲሄዱ ብዙዎቹ ቀጫጮች ነበሩ፣ ስኳርም ብርቅ ነበር። አኗኗርና ምግብ ሲለወጥ ሕመሙ ተስፋፋ፤ ያውም ከሌላው እስራኤላዊ ባነሰ ክብደት። አዲስ አበባ ላይ ሥራው ወንበር፣ መንገዱ ታክሲ፣ መጠጡ ለስላሳ ሲሆን እኛም ወደዚያው እየሄድን ነው።

እኔ ለስላሳ ተውኩ፣ እንጀራውን ቀንሼ ሽሮውንና ጎመኑን አበዛሁ፣ ከሥራ ስወጣ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ጾም ላይ ዳቦና ፓስታ የሚበዛብን ነገር ብዙ አታግሎኛል። ክብደቴ የቀነሰው 4 ኪሎ ብቻ ነው። ወገቤ ግን 89 ገባ፣ ስኳሬም 97። ሚዛኑን ብቻ ባይ ተስፋ ቆርጬ እተወው ነበር። ገና ከ85 በታች መግባት ይቀረኛል።

ሲባጎው የማይሠራበት ጊዜም አለ። ነፍሰ ጡር አትለካበትም፤ በሕመም ምክንያት ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰውም እንደዚሁ። ደግሞ አገራችን ውስጥ ወገባቸው ቀጭን ሆኖ ስኳር ያለባቸው ጥቂት አይደሉም፤ የእነሱ ችግር ኢንሱሊን ማነሱ ነው። ውሃ ጥም ከበዛ፣ ሽንት ከተመላለሰ፣ ሰውነት ያለምክንያት ከከሳ፣ ሲባጎው ቢገናኝም ባይገናኝም በዚያው ቀን ስኳራችሁን ተለኩ።