ውሃው ለምን ጠፋ?

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሆዴን ባር ባር ሲለው እማዬ ጋ ደወልኩ።

እዚህ ዶፍ ይወርዳል፤ እዚያ ባደግኩባት ከተማ ቧንቧው ከደረቀ ሦስተኛ ሳምንቱ። «ለምን ጠፋ?» አልኳት። «እኔ ምን አውቄ ልጄ። ፓምፑ ተቃጠለ የሚሉ አሉ፣ ተሰረቀ የሚሉም አሉ።» ስለ ጋዛ ግን ከእኔ በላይ ታውቃለች። ሬዲዮኗ ሌሊቱን ሙሉ ሲነግራት ያድራል።

የወረዳውን ኮሙኒኬሽን ገጽ ከፈትኩት። ስብሰባ፣ ጉብኝት፣ ችግኝ ተከላ። ስለ ውሃው አንድ መስመር የለም። አልፈርድባቸውም፤ የተቀጠሩት የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ሊያስተዋውቁ ነው። ታዲያ የሚጠይቀው ማነው?

በ1985 የፕሬስ አዋጁ ሲወጣ ጋዜጣ እንደ አሸን ፈላ። አዲስ አበባ ነው የፈላው። እኛ ጋ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ ቀናት ዘግይቶ ነበር የሚደርሰው። አባዬና ጓደኞቹ አንዱን ቅጂ እየተቀባበሉ ጠርዙ እስኪበጣጠስ ያነቡታል። የከተማችንን ስም ግን አንድም ቀን አላየሁበትም። የ1999ኙ የብሮድካስት አዋጅ ለማኅበረሰብ ሬዲዮ ቦታ ሰጠ፣ የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅም እንዲሁ። ለትርፍ ያልቆመ፣ የነዋሪው የራሱ የሆነ ጣቢያ ማለት ነው። ደስ ይላል። ግን ማሰራጫው መብራት ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ ዜና የሚሠራው ልጅ ደግሞ ምሳ።

ትምህርት ቤት ሳለን ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና ያነብልን የነበረው ልጅ ትዝ አለኝ። ድምፁ ሰልፉን ሁሉ ዝም ያሰኝ ነበር። አሁን በስልኩ እየቀረጸ ለሚጠራው ሁሉ ዜና ይሠራል። ትራንስፖርቱንም አበሉንም የሚከፍለው የጠራው መሥሪያ ቤት ነው። አበል የሰጠህን ሰው ስለ ፓምፑ በምን አፍህ ትጠይቀዋለህ? ድፍረት አጥቶ አይደለም። የቤት ኪራይ አለበት።

እኛ የከተማው ልጆች ለአምቡላንስ አዋጥተናል። ለቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ፣ ለትምህርት ቤቱ ዴስክ። የአንድ ጋዜጠኛ ደሞዝ ግን አንዴም በስብሰባችን ተነስቶ አያውቅም፤ እኔም አንስቼው አላውቅም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብናዋጣ አንድ ሰው ውሃ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሞ መልስ እስኪያገኝ ይጠይቅልናል። የሰማውን ማታ ለእማዬ ይነግራታል።

ይህን ለመዋጮው ኮሚቴ ልጽፍ ስልኬን አንስቼ ቆምኩ። ብዙውን ገንዘብ የሚሰጡት ከተማዋ ውስጥ ሕንጻና መሬት ያላቸው ናቸው። ደሞዙን እነሱ ከከፈሉት፣ ነገ ስለ መሬታቸው ይጠይቃቸዋል?