ግትር ነገር ቶሎ ዝም አይልም

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር

የአውሮፕላን አካል ከሚሠራበት ቁስ የምንሻቸው ሁለት ጠባዮች እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ ለተማሪዎቼ ማስረዳት ከጀመርኩ ወዲህ፣ ጉዳዩ ከክፍል ስወጣም አብሮኝ ይወጣል። አካሉ ቀላልና ግትር ይሁን እንላለን፤ ቀላልና ግትር የሆነ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተመታ ቶሎ ዝም አይልም። ንዝረትን የሚያረግበው ቁስ ደግሞ በባሕርዩ ለስላሳ፣ ጎማ መሰል ስለሆነ ጭነት ተሸከም ቢሉት ይተኛል።

አንድ ቁስ ሲርገበገብ ከያዘው ጉልበት ምን ያህሉን ወደ ሙቀት ለውጦ እንደሚያጠፋ የሚለካበት ምጣኔ አለ። የአሉሚኒየም ምጣኔ ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም፤ የካርቦን ፋይበርና የኢፖክሲ ኮምፖዚት፣ ማለትም ቃጫው ኢፖክሲ በተባለ ሙጫ ተያይዞ የሚሠራው ቁስ፣ ከዚያ ቢሻልም ከመቶ አንድ ብዙም አይርቅም፤ ለማርገቢያነት የተቀመመ ጎማ ግን ወደ 1 ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትሩ 2.7 ግራም የሚመዝነውን አሉሚኒየም 1.6 ግራም በሚመዝን የካርቦን ኮምፖዚት መተካት ክብደቱን እንጂ ንዝረቱን ብቻውን አይፈታውም።

ከአዲስ አበባ ወደ እኛ የሚበረው ዳሽ 8 ኪው400 ለዚህ ጥሩ መማሪያ ነው። ባለ ስድስት ክንፍ ፕሮፔለሮቹ በከፍታ ላይ በደቂቃ 850 ጊዜ ይዞራሉ፤ ይህም የካቢኑን ግድግዳ የአየር ግፊት በሴኮንድ 85 ጊዜ ይደበድበዋል ማለት ነው። አምራቾቹ ይህን ለመቀነስ ካቢኑ ውስጥ ማይክሮፎኖች፣ በአካሉ አጥንቶች ላይ ደግሞ ተቃራኒ ንዝረት የሚፈጥሩ መሣሪያዎች ተክለዋል። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ሆኖም መሣሪያ ይመዝናል፣ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ጥገናም አያጣውም። ማርገቡን ግድግዳው ራሱ ቢሠራው እመርጣለሁ።

ነገሩ የመንገደኛ ምቾት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1959 እና በመጋቢት 1960 ሁለት ሎክሂድ ኤሌክትራ አውሮፕላኖች ክንፋቸው በአየር ላይ ተገንጥሎ ወድቀዋል። ምርመራው የደረሰበት ምክንያት የሞተሩ ማሰሪያ ሲላላ ፕሮፔለሩ መዋዠቅ መጀመሩ፣ የመዋዠቁም ፍጥነት ክንፉ ራሱ ሲመታ በሴኮንድ ከሚርገበገብበት ቁጥር፣ ማለትም ከራሱ ድግግሞሽ፣ ጋር ሲገጥም ክንፉን እስኪሰብር ድረስ ማደጉ ነበር።

በዚያው በ1959 ኤድዋርድ ከርዊን የተባለ አሜሪካዊ የድምፅ ሳይንስ ተመራማሪ ያሳተመው ትንተና አሁንም የምንሠራበት ነው። ስስ የጎማ ንጣፍ በሁለት ግትር ንጣፎች መካከል ሲቀመጥ፣ አካሉ በተጣጠፈ ቁጥር ሁለቱ ንጣፎች አንዱ ከሌላው ላይ ሊንሸራተት ይሻል፤ በመካከል ያለው ጎማም ይታሻል፣ ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ጎማው ጭነት አይሸከምም፤ ሥራው መታሸት ብቻ ነው። ኮምፖዚት ከመጀመሪያው ንጣፍ በንጣፍ የሚሠራ በመሆኑ ይህን ንጣፍ ከውስጡ መቅበር ይቻላል፤ ከብረት ይልቅ ኮምፖዚትን የምወድበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው። ብርዱ ግን አይራራም፤ በ11 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የውጩ አየር ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ለክፍል ሙቀት የተቀመመ ጎማ እዚያ ሲደርስ ጠንክሮ ማርገቡን ይተዋል። ስለዚህ ቅመማው የሚበርበትን ሙቀት ማወቅ አለበት።

የማር እንጀራ ቅርጽ ያለው ልብ በሁለት ቆዳዎች መካከል የሚገባበት ሳንድዊችም የራሱ ጣጣ አለው። አንድን ንጣፍ ለሁለት ሰንጥቀው መካከሉን በዚህ ልብ በመሙላት ጠቅላላ ውፍረቱን እጥፍ ቢያደርጉት፣ ክብደቱ በ3 በመቶ ገደማ ብቻ ጨምሮ ግትርነቱ ሰባት እጥፍ ይሆናል። ይህን ስጽፍ ተማሪዎች ሁልጊዜ ይደነቃሉ። ነገር ግን ቀላልና ግትር ገበታ ከአየሩ ጋር በዝቅተኛ ድግግሞሽ ስለሚግባባ ድምፅን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ያተረፉትን ክብደት መልሰው ለድምፅ መከላከያ የሚያወጡበት ጊዜ አለ።

በባቲ የሰኞ ገበያ ምጣድ የሚገዙ እናቶች በጣታቸው አንኳኩተው፣ ድምፁ ጥርት ካላለ ስንጥቅ አለው ብለው ይተዉታል። የአውሮፕላን ጠጋኞችም ኮምፖዚትን በትንሽ መዶሻ አንኳኩተው የተላቀቀ ንጣፍ በዚሁ መንገድ ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ የሚያስጨንቀኝ፣ ንጣፎች ሲላቀቁም እርስ በርስ እየተፋተጉ ንዝረትን ማርገባቸው ነው። የረገበ ድምፅ በዲዛይን የመጣ ይሁን በጉዳት፣ ቁሱ ገና አዲስ ሳለ የተለካ መነሻ ከሌለ መለየት ይከብዳል።

ወደ ራሳችን ደጋ ስመለስ፣ ተልባ ያጓጓኛል። የተልባ ቃጫ በኢፖክሲ ሲያያዝ ንዝረትን ከካርቦን ኮምፖዚት በብዙ እጥፍ ያረግባል። የእኛ ገበሬ ተልባን የሚዘራው ለፍሬው ነው፤ ለፍሬ የሚዘራው ዝርያም ለቃጫ ከሚዘራው አጭርና ቅርንጫፋም ስለሆነ ረጅም ቃጫ አይጠበቅም። ውኃ መምጠጡና ለእሳት መመቸቱም ለክንፍ አያበቃውም፤ ቢሆን ለካቢን ውስጥ ገበታ ነው፣ ያም የእሳት ፈተናውን ካለፈ።

ከተማሪዎቹ ጋር የአሉሚኒየም፣ የተልባ ኮምፖዚትና መካከሉ ጎማ የተቀበረበት የተልባ ኮምፖዚት ዘንጎችን አንድ ጫፋቸውን አስረን በመምታት፣ ድምፁን በስልክ ቀድተን የድምፁ ሞገድ ተከታታይ ከፍታዎች በምን ያህል እንደሚያንሱ እንለካለን። ኢፖክሲው ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት፤ የተልባው አገዳ ግን ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ቃጫው እስኪላቀቅ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ውቂያው እንዳለቀ ከእሱ መጀመር ይሻላል።