ሁለት ጣት ወደ ኋላ የተለጠፈ ስፒከር

ካፊያ በጣለበት ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ አንድ የዴሊቨሪ ሞተረኛ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ፖስታ ቤት እየወረደ ሳለ ስልክ ተደወለለት። ደዋይዋ ትእዛዝ የምታከፋፍለው የቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ደንበኛው ፎቅ ቀይሯል። ልጁ በሄልሜቱ ብሉቱዝ፣ ማለትም ስፒከርና ማይክ ይዞ ሄልሜት ውስጥ በሚገጠመው የጥሪ መሣሪያ፣ አነሳው። «ሦስተኛ ነው ስድስተኛ ያልሽኝ?» እያለ ግራ እጁን ወደ ሄልሜቱ ሰዶ የድምፅ መጨመሪያውን ደጋግሞ ተጫነ። በዚህ መሃል ቀኝ ጠርዝ ይዞ የቆመ ሚኒባስ ያለ ፍሬቻ ወጣ። ግራ እጁ ፍሪሲዮኑ ላይ አልነበረም፤ በድንጋጤ የፊት ፍሬኑን ብቻ ጨበጠ፣ የፊት ጎማው እርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራተተና ወደቀ። ክርኑ ተላላጠ፣ የፍሪሲዮን ማንሻው ተሰበረ፣ ሄልሜቱም አስፋልቱን መታ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያ የባሰ አልሆነም።

ቢሮ ውስጥ ወዲያው የተነሳው ሐሳብ «ከዛሬ ጀምሮ ብሉቱዝ ይቅር» የሚል ነበር። ይህ ነገሩን አይፈታውም። ብሉቱዙ ሲቀር ሞተረኛው ስልኩን ሄልሜቱና ጉንጩ መሃል ይሸጉጣል፣ ወይም በአንድ እጁ ይዞ ይነዳል። መጠየቅ የነበረበት፣ ገና አዲስ የሆነ መሣሪያ ይህን ያህል አልሰማ ያለው ለምንድን ነው የሚለው ነው። የሄልሜቱ ስፖንጅ ሲፈታ መልሱ ተገኘ።

ሁለቱም ስፒከሮች የተለጠፉት ከጆሮ ቀዳዳ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ነው። ሄልሜቱ ለስፒከር የተሠራ ጎድጓዳ ቦታ የለውም፣ የገጠመው ሰው ደግሞ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በግምት ለጠፈው። ባዶ ሄልሜት ላይ ጆሮ የት እንደሚውል አይታይም። 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ስፒከር ከጆሮ ትይዩ ሲሸሽ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ንግግር ውስጥ «ስ»፣ «ሽ» እና «ፍ» የሚለዩት ደግሞ በእሱ ነው። ስለዚህ ድምፅ ሲጨመር ጩኸቱ ይበዛል እንጂ ቃሉ አይጠራም።

ልጁ «ሙዚቃ ስከፍት እኮ ይሰማል» ማለቱም እውነት ነው። ብሉቱዝ ሙዚቃንና ጥሪን የሚያስተላልፍበት መንገድ ይለያያል። ጥሪ ሲመጣ መሣሪያው ድምፅ እየተቀበለ ድምፅም መላክ ስላለበት ጥራቱ ይቀንሳል፣ ስቴሪዮውም ይቀራል። ብዙ ስልኮች የጥሪን የድምፅ መጠን ከሙዚቃው ለይተው ይይዛሉ፤ ሙዚቃ ላይ ከፍ የተደረገው ጥሪ ላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሱቅ ውስጥ ዘፈን ከፍቶ መሞከር እንግዲህ ምንም አያረጋግጥም። ሙከራው ሄልሜት አጥልቆ፣ ሞተር አስነስቶ፣ በጥሪ ነው፤ መጠኑም ያኔ ቆሞ ይስተካከላል።

ልኩን ማግኘት ከባድ አይደለም። ሄልሜቱን አጥልቆ ማሰሪያውን ማሰር፣ ጣትን በስፖንጁ ስር ሰዶ የጆሮ ቀዳዳ የሚያርፍበትን ቦታ ማግኘት፣ እዚያው ላይ ትንሽ ፕላስተር መለጠፍ። የስፒከሩ መሃል እዚያ ያርፋል። ግራና ቀኝ ለየብቻ ይለካል። ስፒከሩ ጆሮን ሊነካ ይቅረብ እንጂ አይጫነው፤ ከተጫነ ያማል፣ ሞተረኛውም ማሰሪያውን ማላላት ይጀምራል፣ ይህ ካለመስማትም የባሰ ነው። ከራቀ ከጀርባው ስስ ስፖንጅ መጨመር ነው። ቦታ ጠበበ ተብሎ ከስፖንጁ ስር ያለው፣ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ እንደሚመጣው ዓይነት ፎም መፋቅም መበሳትም የለበትም፤ በግጭት ጊዜ ምቱን የሚውጠው እሱ ነው። ሽቦው በስፖንጁና በፎሙ መሃል ይሄዳል።

ስፒከሩ የሚለጠፍበት ቬልክሮ እንዲይዝ ቦታው በአልኮል ተወልውሎ ይድረቅ። አንዳንዱ በቤንዚን ይወለውላል፤ ቤንዚንና ቲነር የሄልሜትን ፕላስቲክ ቅርፊት ሊያዳክሙት ይችላሉ፣ ጉዳቱም ለዓይን ላይታይ ይችላል።

የልጁ ማይክም ስፖንጁ ወልቆ፣ ጀርባውን ለአፉ ሰጥቶ ነበር። ፊትን ሙሉ ለሚሸፍን ሄልሜት በቀጭን ሽቦ የሚመጣው ትንሹ ማይክ አገጭ ጋ ከውስጥ ይለጠፋል፤ ዘንግ ያለው ፊቱ ክፍት ለሆነው ነው። በክረምት የቻርጅ ማድረጊያው ጎማ ክዳን ይዘጋ፣ ዝናብ የመታው መሣሪያ ሳይደርቅ አይሰካ።

ይህ ሁሉ ቢስተካከልም እየነዱ ማንሳት ካልቀረ እጅ መሪውን መልቀቁ አይቀርም። ጥሪ ሲመጣ ፍሬቻ አብርቶ ጠርዝ መያዝ፣ ቆሞ ማንሳት። ጥሪን በራሱ የሚያነሳው ቅንብር ይጥፋ፤ መስቀለኛ መንገድ መሃል ድንገት የሰው ድምፅ ጆሮ ውስጥ መግባት የለበትም። ከቢሮ በኩል አድራሻ ሲቀየር በጽሑፍ ይላክ። አንዴ ይደወል፣ ካልተነሳ እየነዳ ነው ተብሎ ይታመን። ሲነሳም የመጀመሪያው ቃል «ቆመሃል ወንድሜ?» ይሁን።

ሙዚቃ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው መንገድ ቦታ የለውም። ረዳት በር ሲከፍት፣ አምቡላንስ ከኋላ ሲመጣ ከስፖኪዮ በፊት የሚያስጠነቅቀው ጆሮ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚሰኩት ትንንሽ ማዳመጫዎች፣ በተለይ የውጭ ድምፅ የሚያጠፉት፣ ለከተማ ጭራሽ አይሆኑም።

የወደቀው ሄልሜት ላይ ከጭረት በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ቢሆንም ተቀየረ፤ ፎሙ አንዴ ከተጨመቀ አይመለስም፣ በስፖንጅ ስለተሸፈነም አይታይም። ብሉቱዙ ተፈቶ ወደ አዲሱ ሄልሜት ተዛወረ፣ ቬልክሮው በአዲስ ተተካ፣ የጆሮው ልክም ከመጀመሪያው ተለካ፤ የአንዱ ሄልሜት ልክ ለሌላው አይሠራምና። አሮጌው ለመጠባበቂያ ይቀመጥ ያለም ነበር። ማንም እንዳያደርገው ማሰሪያው ተቆርጦ ተጣለ።