ቀይ ሽንት

አፋር ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የቲቢ መዝገብ ላይ «ያቋረጠበት ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት «ባህላዊ እምነት» ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊው ለግማሽ ቀን የመጣ ተቆጣጣሪ ነው።

በሽተኛው 45 ኪሎ የሚመዝን ግመል ጠባቂ ነው። አራቱ መድኃኒቶች በአንድ ከተቀመሙበት ኪኒን በቀን 3፣ ለ2 ወር፤ ከዚያ ሁለቱ ብቻ ለ4 ወር። በባዶ ሆድ ሲባል ወተትም ሳይቀመስ መሆኑ ሳይቀር ተነገረው። መንጋው ለግጦሽ ስለሚርቅ የ2 ሳምንት ኪኒን ተቆጥሮ ተሰጠው። ከአራቱ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንት እንደሚያቀላ ግን የነገረው የለም።

የቀላ ሽንት ያየ ሰው የት ይሄዳል? ቅርቡ ያለው የባህል ሐኪም ነው። ብረት ጋለ፣ ጎኑ ተተኮሰ፣ ኪኒኑ ቆመ። በ9ኛው ቀን ወሬው በዳጉ፣ አፋሮች ሲገናኙ ወሬ በሚቀባበሉበት ልማድ፣ ጤና ጣቢያ ደረሰ፤ የጠፋ በሽተኛ ፍለጋ ዳጉን የሚቀድም ስልክ የለም።

የጤና ባለሙያው ሄዶ በአስተርጓሚ ተቆጣ። «ለምን ተኮሱት?»

«ሽንቱ ተለወጠ፤ ጉበቱ ነው አልኩ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?» አሉ ሽማግሌው።

ባለሙያው ዝም አለ። ኪኒኑ ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል ሽንቱ የጠቆረ በሽተኛ ሲመጣ ጤና ጣቢያውም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጉበቱን ነው።

«ዓይኑንም ገልጬ አየሁ» ቀጠሉ ሽማግሌው። «ቢጫ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ቦታ ብቻ ተኮስኩ።»

ምርመራቸው ትክክል ነበር፤ ብረቱ ነው ያልተፈለገው። ቁስሉ ታጥቦ ተሸፈነ፣ የቴታነስ መርፌ ተወጋ፣ ያመለጡት 9 ቀናት መጨረሻ ላይ እንዲጨመሩ ተጻፈ። ያኔ ገና ስለ ቀለሙ ተነገራቸው።

«ሌላስ ምን ያቀላል?»

«ላብና እንባ።»

«ይህን ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ብረቴን አላግልም ነበር።»

ይህም በዳጉ ዞረ። ከሳምንታት በኋላ ከሌላ ሰፈር አንድ ሰው ወንድሙን እየጎተተ መጣ፤ ሽማግሌው ልከውት ነው። ክሱ፦ ኪኒን እየወሰደ ሽንቱ አልቀላም። ቦርሳው ሲፈተሽ የ11 ቀን ኪኒን እንዳለ ተገኘ።

መዝገቡ ላይ ያለው ቃል እስካሁን አልተሰረዘም።