የተኙ መስሎኝ

የምሠራው የሽርሽር መርከብ ላይ ነው፤ እናቴ ባሕር ላይ የምንውልበት ቀን የዕረፍት ቀን ይመስላታል። መስመሩ ሲሠራልን ስልክ እንገናኝና «ዛሬስ የት ቆማችሁ?» ትለኛለች። «የትም አልቆምንም እማዬ፣ መሐል ባሕር ላይ ነን» ስላት፣ «ተመስገን፣ እንግዲያ ዐረፍሽ!» ትላለች። አልፈርድባትም። እኔም ሮም ከገባሁ በኋላ አንድ እሑድ በባቡር ኦስቲያ እስክወርድ ድረስ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ወደብ በቆምን ቀን እንግዶቹ ጠዋት ወርደው ማታ ይመለሳሉ፤ እኛም ትንፋሽ እናገኛለን። ባሕር ላይ በዋልን ቀን ከ2000 በላይ ሰው የሚሄድበት የለውም። ቁርስ ሁለት ጊዜ የሚበላ አለ። ወደብ ላይ ተዘግተው የቆዩት ሱቆችና ቁማር ቤቱ ይከፈታሉ፤ አዳራሹ ውስጥ ዳንስ ይማራሉ፤ የቀረው ሁሉ ፀሐይ ፍለጋ ወደ እኔ ይመጣል። ሥራዬ መዋኛ ገንዳው አካባቢና የኋላው ዴክ፣ ማለትም የመርከቧ ክፍት ወለል፣ ላይ ነበር። ፎጣ እሰጣለሁ፣ ወንበር እዘረጋለሁ፣ ወለል አጥባለሁ፤ ፎጣ አንጥፎ ቦታ ይዞ የጠፋ ሰው ሲኖር ደግሞ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ፎጣውን አነሣለሁ። ጠብ የሚያስነሣው ይኼኛው ነው። ሥራ የምንጀምረው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ነው፤ በቀን 10 ሰዓትና ከዚያም በላይ እንሠራለን፤ ኮንትራቱ እስኪያልቅ ሙሉ የዕረፍት ቀን የሚባል የለም።

ይህ የምነግራችሁ የሆነው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ነው። የአውሮፓ ክረምት ሲገባ የሽርሽር መርከቦች ሜዲትራኒያንን ለቅቀው ወደ ካሪቢያን ይሻገራሉ። እኛም ከባርሴሎና ተነሥተን በካናሪ ደሴቶች ላስ ፓልማስ ላይ አንድ ቀን ቆመን፣ ከዚያ ወደ ሴንት ሉሺያ ቀዘፍን። 2700 የባሕር ማይል ገደማ ነው፤ ስድስት ቀን ከምናምን ውኃ ብቻ። ኮሎምቦስም በ1492 ከእነዚሁ ካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ በዚሁ ነፋስ ነው የተሻገረው፤ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ሸራውን ከኋላ እየገፋ ወሰደው። ያን ነፋስ ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከእንግዶቹ መካከል አንድ ጣሊያናዊ አዛውንት ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ይጠጋል፤ ባለቤታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ነው የሚጓዙት። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ባቡር ላይ ሲሠሩ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ሰዓትና ርቀት አጥብቀው የሚወዱት። ከባርሴሎና ጀምሮ በየቀኑ የኋላው ዴክ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ከሸራው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ፀሐይዋ ስትዞር ወንበራቸውን በገዛ እጃቸው ወደ ቀኝ ይጎትታሉ፤ «ላግዝዎት» ስል እሺ አይሉኝም። ቀትር ላይ፣ ልክ 6 ሰዓት ሲሆን፣ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያው ብቅ ይልና የት እንዳለን ይናገራል፦ ስንት ማይል ተጓዝን፣ ስንት ቀረን፣ ፍጥነታችን፣ ነፋሱ፣ የውኃው ሙቀት። ሌላው እንግዳ ሁሉ ወሬውን ሳያቋርጥ በጆሮው ጫፍ ነው የሚሰማው። እሳቸው ግን ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አውጥተው እያንዳንዱን ቁጥር ይጽፋሉ። ካለፋቸው ይጠሩኛል፤ «ሲኞሪና፣ ስንት ቀረ አለ?» ጣሊያንኛ ስለምናገር ደስ ይላቸዋል። ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚያወሩ ያህል ነው የሚያወሩኝ።

ከላስ ፓልማስ በወጣን በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ገና ወለል እያጠብን ሳለ መጡ። ወደ ምዕራብ ሲሻገሩ መርከቡ ላይ ሰዓት ወደኋላ ይመለሳል፤ ሴንት ሉሺያ እስኪደረስ አራት ጊዜ፣ በየሌሊቱ አንድ አንድ ሰዓት። ለሠራተኛው ጸጋ ነው፣ አንድ ሰዓት እንቅልፍ ይጨመርልናል። የሽማግሌ ሰውነት ግን በመርከብ ሰዓት አይታለልም። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ዓይኔ ፈጦ ነው የነጋው» አሉኝ። ቁርስ ቤቱ ገና አልተከፈተም ነበር። ኪኒናቸውን በባዶ ሆድ እንደዋጡም ነገሩኝ። ሰማሁ፣ ራሴን ነቅንቄ ወደ ባልዲዬ ተመለስኩ።

የዚያን ቀን ጉዞው ልስልስ ያለ ነበር። እንግዶቹ «እንዲህ ያለ ቀን!» ይላሉ። ፀጉር የሚበትን ነፋስ የለም፣ ገጽ የሚገለብጥ ነፋስ የለም። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጢስ ወደኋላ መተኛቱን ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል። ከመርከቧ ጎን የሚበርሩ ዓሦች ብን ብን እያሉ ይነሣሉ። ከ5 ሰዓት በኋላ ዴክ ላይ ባዶ ወንበር አልነበረም፤ ዓይኑን የከፈተ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሁሉም ተጋድሟል። እኔም ፎጣ ተሸክሜ በተኙት መካከል በእግሬ ጣት እየተራመድኩ አልፋለሁ።

6 ሰዓት ላይ ካፒቴኑ ተናገረ። ወደ አዛውንቱ ዞር ብዬ አየሁ። ደብተሩ ጭናቸው ላይ ነው፣ እጃቸው አልተንቀሳቀሰም፤ ባርኔጣቸው ዓይናቸው ላይ ወርዷል። ሌሊቱን ሳይተኙ እንዳደሩ ስለማውቅ አዘንኩላቸው። አጠገባቸው ቆሜ፣ ከኪሴ የፎጣ ካርድ አውጥቼ ቁጥሮቹን በጀርባው ጻፍኩላቸው፦ የተጓዝነው 1190፣ የቀረን 1510፣ ፍጥነት 18 ኖት (በሰዓት 18 የባሕር ማይል ማለት ነው)፣ ነፋስ ከኋላ 17 ኖት፣ ውኃው 26 ዲግሪ። ሲነቁ እሰጣቸዋለሁ ብዬ ካርዱን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ፀሐይዋ ከሸራው ሥር ገብታ ጉልበታቸውና እጃቸው ላይ መውረዷን አይቻለሁ። ወንበራቸውን እንዳልጎተቱም አይቻለሁ። አየሁ እንጂ አላሰብኩም።

ባደግኩበት ቤት አባት ሲተኛ በር እንኳ የሚዘጋው በቀስታ ነው፤ የተኛን ሽማግሌ መቀስቀስ ነውር ነው። የመርከቧም ደንብ «እንግዳ አትረብሹ» ይላል። በየጉዞው መጨረሻ እንግዶች ስለ እኛ ቅጽ ይሞላሉ፤ ያ ቅጽ ኮንትራታችን መታደስ አለመታደሱን ይነካል። ዝም ላለ ሠራተኛ መጥፎ ነጥብ የሰጠ እንግዳ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ሁሉ ነገር ዝም በይ ይለኛል፤ አስተዳደጌም፣ ደንቡም፣ ቅጹም።

ግማሽ ሰዓት ያልሞላ ጊዜ አለፈ። ባዶ ብርጭቆ እየሰበሰብኩ በአጠገባቸው ሳልፍ፣ ጠዋት ያመጣሁላቸው የሎሚ ውኃ እንዳለ ተቀምጧል፤ በረዶው ከሟሟ ቆይቷል። ያኔ ነው ልቤ ደንገጥ ያለው። ጎንበስ ብዬ «ሲኞሬ» አልኩ። ዝም። እጃቸውን ነካሁት፤ እንደ ምጣድ ይጋላል። ባርኔጣውን ሳነሣው ዓይናቸው ግማሹ ክፍት ነው፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። በማላውቀው የሴት ስም ጠሩኝ። በኋላ እንደሰማሁት የሟች ባለቤታቸው ስም ነበር።

ሬድዮዬን ይዤ ጮህኩ። በእኛ መርከብ ለሕመም የሚጠራው ምልክት «አልፋ» ነው፤ ሦስት ጊዜ ይባልና ቦታው ይነገራል። አለቃዬ ከማዶ ሮጦ ደረሰ። ፊሊፒናዊ ነው፣ ሃያ ዓመት ባሕር ላይ የቆየ፤ እኛ «ኩያ» ነው የምንለው፣ በእነሱ ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ከነወንበራቸው ወደ ጥላ ሳብናቸው። ፎጣ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረን አንገታቸውና ብብታቸው ሥር አደረግን፤ ሌላው ልጅ በትሪ ያራግባል። እኔ ውኃ ላጠጣቸው ብርጭቆ ሳነሣ ኩያ እጄን ያዘኝ። «ራሱን የማያውቅ ሰው አይጠጣም፣ ሳምባው ውስጥ ይገባል።» የሕክምና ቡድኑ ከታች፣ ከመርከቧ ሆድ፣ ቃሬዛ ይዞ መጣ። ነርሷ ሙቀታቸውን ለካችና ለሐኪሙ ስትናገር ሰማሁ፤ 40 ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

ቃሬዛው ሊፍት ውስጥ ሲገባ ዴኩ ላይ ያሉት ሰዎች ተነሥተው ያዩ ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁሉም መልሶ ተጋደመ። እኔ ግን ወደፊትም ወደኋላም የሦስት ቀን ጉዞ ላይ እንዳለን ነው የማስበው፤ ሄሊኮፕተር የሚደርስበት ቦታ አልነበረም። ከታች ያለው ክፍል ከሚችለው በላይ ቢሆኑ ኖሮ ሌላ የትም አልነበረም።

ማታ ሥራ ስንጨርስ ኩያ ወደ ኋላው ዴክ ወሰደኝ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ካርዱን አሳየሁት፤ ቀትር ላይ አጠገባቸው ቆሜ እንደነበር ነገርኩት። ካርዱን በመብራት አየና ጣቱን ሁለቱ ቁጥሮች ላይ አደረገ። «18 እንሄዳለን፣ ነፋሱ በ17 ከኋላችን ይመጣል። ዴክ ላይ ያለው ሰው ስንት ይደርሰዋል?» አንድ። አንድ ኖት ብቻ። እንግዶቹ ሲያደንቁት የዋሉት ጸጥታ ነፋሱ ቆሞ አልነበረም፤ እኛ ከነፋሱ እኩል እየሮጥን ነበር። ላብ የሚያደርቅ አየር አልነበረም። ማስጠንቀቂያውን በገዛ እጄ ጽፌ ኪሴ ከትቼው ነበር።

ከዚያ ኩያ እንዴት እንደሚቀሰቀስ አሳየኝ። እኔ አንዱን ወንበር ላይ ተጋደምኩ፣ እሱ የበረዶ ብርጭቆ ይዞ መጣ። መጀመሪያ በረዶውን ያንቀጨቅጨዋል፤ የተኛ ሰው በዚህ ብቻ ዐይኑን ይገልጣል። ካልገለጠ ጥላ ሊያስተካክል እንደመጣ ሰው ወንበሩን ነካ ያደርጋል። ካልሆነ በስማቸው ይጠራቸዋል፣ ካልሆነ ትከሻ። «ቢቆጡስ?» አልኩት። «ይቆጡ። የተቆጣ ሰው ጤነኛ ነው። ቅጹ ላይ ቢጽፉብሽ እኔ እመልሳለሁ።» ኩያ ያን ያለኝ በእሱ መልካምነት ነው እንጂ ደንቡ እንደዚያ አይልም ነበር፤ እስከ ዛሬም የሚከነክነኝ ይህ ነው። ሠራተኛን በዝምታው የሚለካ ቅጽ ባለበት ቤት ሰው ፀሐይ ላይ ሊሞት ይችላል፤ ይህን ለአስተዳደሩም በጽሑፍ አመልክቻለሁ። በማግስቱ ጠዋት ኩያ ሁላችንንም ሰበሰበና ነፋስ ከኋላ በሆነ ቀን በየግማሽ ሰዓቱ ውኃ ይዘን እንድንዞር፣ ብቻቸውን ያሉትን በስም እንድንጠራ አዘዘ።

አዛውንቱ ሕክምና ክፍል ሁለት ሌሊት አደሩ። ለደም ግፊት የሚወስዱት ኪኒን ሽንት የሚያበዛ ነው፤ በባዶ ሆድ፣ ያለ ውኃ፣ በዚያ ሙቀት ላይ ሰውነታቸው ደርቆ ነበር። ያን ጠዋት ስለ ኪኒኑ የነገሩኝ እኔን ነበር። በሁለተኛው ቀን ነርሷ ፈቅዳልኝ ገባሁ። እጃቸው ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል፣ ፊታቸው ከስቷል። ገና ሲያዩኝ የጠየቁኝ የማትገምቱት ነው። «ሲኞሪና፣ የዚያን ዕለት ቁጥር አምልጦኛል። ማንም አልጻፈው ይሆን?»

ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰጠኋቸው። አነበቡት፣ ደብተራቸውን ከራስጌ አንሥተው መገልበጥ ጀመሩ፣ ከዚያ እጃቸው ቆመ። ባቡር ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ካፒቴኑ የሚናገረው 6 ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ እኔ ያገኘኋቸው ግን ከዚያ በኋላ እንደሆነ ነርሷ ነግራቸዋለች። ቀና ብለው አዩኝ።

«አጠገብዎት ቆሜ ነው የጻፍኩት» አልኳቸው። «የተኙ መስሎኝ ነው። ልቀሰቅስዎት አልደፈርኩም። ይቅር ይበሉኝ።»

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ቁጥሮቹን እስከ መጨረሻው ጻፉና ካርዱን መለሱልኝ። «ሚስቴ በሕይወት ብትኖር» አሉ፣ «አንድ ሰዓት እንኳ አታስተኛኝም ነበር። ከእንግዲህ ተኝቼ ብታገኚኝ ቀስቅሺኝ።»

ሴንት ሉሺያ ከመድረሳችን በፊት በነበረው የመጨረሻ ቀን፣ ሐኪሙ ፈቅዶላቸው፣ ጥላ ውስጥ፣ በቀኝ በኩል ተቀምጠው ነበር። ነፋሱ ወደ ጎን ዞሮ የሸራው ጫፍ ይውለበለባል። ለ6 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው አየኋቸው፤ ባርኔጣቸው ዓይናቸው ላይ ነው። ብርጭቆውን ይዤ ሄድኩና በረዶውን አንቀጨቀጭኩ። አልነቁም። ወንበሩን ነካ አደረግኩ። አልነቁም። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ትከሻቸውን ይዤ ነቀነቅኳቸው።

ባርኔጣቸውን ገፋ አድርገው፣ ዐይናቸውን አሻሽተው፣ «ምን ሆነሽ ነው? ደህና ተኝቼ ነበር እኮ!» አሉ፣ ቆጣ ብለው። ድምፅ ማጉያው ሲንኳኳ ደብተራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።