ሕልዳና ስንተኛ ክፍል ነበር የምታስተምረው?

መሽቷል። ወንበሮቹን ከአዳራሹ አውጥተን፣ መድረኩን ጠርገን፣ የመጨረሻዋን ልጅ ለወላጇ አስረክበን ገና አሁን ቤቴ ገባሁ። እግሬ ዝሏል። ግን ይህን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ዛሬ በትምህርት ቤታችን በእምነታቸውና በአመራራቸው ያገለገሉ ሴቶችን ያከበርንበት ቀን ነበር። ዝግጅቱ በየዓመቱ አለ። የምስጋና ወረቀቶቹን ቃል መጻፍም እንደ አምናው ለእኔ ደረሰ። ከሦስት ሳምንት በፊት የአምናውን ፋይል ከፍቼ ስም ብቻ ልቀይር ተቀመጥኩ። 7 ወረቀት ነበር። በሰባቱም ላይ ያለው ቃል አንድ ነው፦ «ስለ ትሕትናዎ፣ ስለ ትዕግሥትዎና ስለ እናትነት ፍቅርዎ»። ስሙን በእጄ ሸፍኜ አየሁት። የማን ወረቀት እንደሆነ ከቀረው ቃል ማወቅ አይቻልም።

ከሰባቱ አንዱ የምክትል ርዕሰ መምህርታችን ነው። እሱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፤ የዛሬ ሁለት ዓመቱ ስብሰባ ትዝ አለኝ።

የዚያን ጊዜ ክፍያ ያላጠናቀቁ ልጆች የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና እንዳይፈተኑ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡን ያመጡት ክፉ ሰዎች አይደሉም። የመምህራን ደመወዝ ዘግይቶ ስለነበር ጭንቀታቸው እውነተኛ ነው። እሷ አንድ የተማሪ ደብተር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። 19 ስም አለበት። ከየስሙ አጠገብ ቀሪው ክፍያ፣ ማንን በስልክ እንዳነጋገረች፣ ምን እንዳሏት በእርሳስ ተጽፏል። ሦስት ማታ ሙሉ ስትደውል ነው የከረመችው። «የ14ቱ ቤተሰቦች በየወሩ ከፋፍለው ሊከፍሉ ተስማምተዋል። 5ቱ ግን አይችሉም። ስለነሱ እዚህ እንነጋገር» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ሰው በቀና ልብ «በጸሎት እንያዘውና ለሚቀጥለው ሳምንት ይደር» አለ። እሷ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። የእርሳሷ ጫፍ ከአምስቱ በመጀመሪያው ልጅ ስም ላይ ነበር። «ጸልየናል። ፈተናው ሰኞ ነው። አሁን እንወስን» አለች።

ተወሰነ። 19ኙም ተፈተኑ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ይህን በእጄ የጻፍኩ ሰው ነኝ በዓመቱ ለዚህችው ሴት «ስለ እናትነት ፍቅርዎ» ብዬ ወረቀት ያተምኩት። ፍቅሩ የላትም እያልኩ አይደለም፤ ያለ ፍቅር ሦስት ማታ አይደወልም። ነገር ግን ያን ቀን ያደረገችው ነገር የራሱ ስም አለው። ውሳኔ ይባላል፤ አመራር ይባላል። በዚያው ዓመት በጡረታ ለተሰናበተ አንድ ወንድ የትምህርት ክፍል ኃላፊ የጻፍኩትንም ፈልጌ አገኘሁ፦ «ስለ አርቆ አሳቢነትዎና ስለ ቆራጥ አመራርዎ»። ይገባዋል፤ መልካም መሪ ነበር። ግን ለእሱ ቆራጥነት፣ ለእሷ ትዕግሥት ብሎ ያከፋፈለው ማነው? እኔ ነኝ፤ ያውም ሴት ሆኜ። ማንም አላዘዘኝም። ቃሉ ሳላስብበት ከጣቴ ወጣ። ይህ ለብዙ ቀን ከነከነኝ።

ፋይሉን አጠፋሁትና እንደ አዲስ ጀመርኩ። ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አንድ ነው፦ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ያቺ ሴት በእርግጥ ያደረገችው አንድ ሥራ ይጻፍ። የማላውቀውን ደግሞ ጠይቄ ልወቅ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊያችን ነው። ስለ ራሷ ጠይቄያት ምንም አልነገረችኝም፤ የነገረችኝ የሰባተኛ ክፍል የአማርኛ መምህር ነው። አንድ ልጅ ነበር፣ ጮክ ብሎ የማንበብ ተራ ወደ እሱ ሲቃረብ ሁልጊዜ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» የሚል። መምህሩ ልጁ ሥርዓት የጎደለው ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። ልጁ ግን ከክፍል ሲወጣ ሽንት ቤት አይሄድም፤ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይቆማል። እሷ ሳትጠይቀው ሦስት አራት ጊዜ አየችው። ከዚያ አንድ ቀን የመደርደሪያ ቁልፍ ሰጠችውና «ዓርብ ዓርብ የአንደኛ ክፍል ልጆች ይመጣሉ፤ አንብብላቸው፤ እኔ ሥራ ይበዛብኛል» አለችው። ትንንሾቹ ሲንተባተብ አልሳቁበትም። ገጹን እስኪጨርስ ጠበቁት፤ ሥዕሉን ለማየት ነው ችኮላቸው።

ይህን ስሰማ ካድሞን ትዝ አለኝ። በሰባተኛው መቶ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ፣ ዊትቢ በተባለው ገዳም ከብት ጠባቂ ነበር። በግብዣ ላይ በገናው ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ወደ እሱ ሲቀርብ፣ መዝፈን ስለማይችል ተነስቶ ይወጣ ነበር። አንድ ሌሊት በሕልሙ መዘመር ተሰጠው። ያን ጊዜ የወሰዱት ወደ ገዳሙ እመምኔት ወደ ሒልዳ ነው። ሒልዳ መርምራ አስመረመረችው፤ ስጦታው ከእግዚአብሔር መሆኑን ተቀበለች፤ ከማኅበሩ ጋር አስገብታ ቅዱሳት ታሪኮችን እንዲያስተምሩት አዘዘች። ይህን የጻፈው ቤዳ የተባለው እንግሊዛዊ መነኩሴና የታሪክ ጸሐፊ ነው። ነገሥታት ሳይቀሩ ምክሯን ይፈልጉ እንደነበር፣ ከእሷ ቤት ከተማሩት 5ቱ ጳጳሳት እንደሆኑም መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ664 የተደረገው ትልቁ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤም በእሷ ገዳም ነው የተቀመጠው። እኔ ግን ከሁሉ የሚገርመኝ የከብት ጠባቂው ነገር ነው። ነገሥታት የሚያማክሯት ሴት ከበረት ለመጣ ሰው ጊዜ ነበራት።

ሁለተኛዋ ለመጠየቅ የሄድኩባቸው ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ከደወል በፊት ለተማሪዎች ከሚጸልዩት እናቶች መካከል ያሉ አንዲት አያት ናቸው። ማንበብ አይችሉም። የልጅ ልጃቸውን ክፍል 28 ልጆች ስም ልጅቷ አንብባላቸው በቃላቸው ይዘዋል። አብሬያቸው ተንበርክኬ ስሰማ አንድ ስም ጠሩ፤ ከሁለት ወር በፊት ትምህርት ቤት የቀየረ ልጅ ነው። ስንጨርስ «እማማ፣ እሱ እኮ ከኛ ዘንድ ወጥቷል» አልኳቸው። «አውቃለሁ ልጄ፤ ከትምህርት ቤቱ ነው እንጂ ከኔ መቼ ወጣ?» አሉኝ።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እምነቱ ቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደነበረ ያነሳል። ስማቸው ነው የተጠራው። «ቤተሰቦችህ» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። እኔ ደግሞ አምና የእኚህን እናት ስም በወረቀቱ ላይ እንኳ አልጻፍኩም፤ «ለጸሎት ቡድኑ» ነበር ያልኩት።

ስለ ስም ካነሳሁ፣ ሮሜ 16ን ሰሞኑን ደጋግሜ አነበብኩት። ድሮ የስም ዝርዝር ነው ብዬ የማልፈው ምዕራፍ ነው። የሚጀምረው በፌቤን ነው። በክንክራኦስ ያለችው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይላታል፤ በግሪኩ «ዲያቆኖስ» ነው፤ ጳውሎስ ስለ ራሱ ሥራ ሲናገርም የሚጠቀምበት ቃል። ለብዙዎችና ለእሱም ለራሱ ደጋፊ እንደነበረችም ይጽፋል። ደብዳቤውን ወደ ሮም ይዛ የሄደችው እሷ እንደሆነች ብዙ መምህራን ያምናሉ። ከዚያ ጵርስቅላ አለች፣ ከባሏ ጋር አጵሎስን የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጣ ያስረዳች። ማርያም አለች፣ «ብዙ የደከመች»። በዚያ ምዕራፍ ስለ አራት ሴቶች «ደከሙ» ይላል። ይህ የአማርኛችን ቃል ደስ ይለኛል፤ ሥራውንም ዝለቱንም አንድ ላይ ይዟል። ጳውሎስ ሴቶቹን ያመሰገነው በጠባያቸው ብቻ አይደለም፤ በሠሩት ነው።

በአብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ስለ ሴቶች ክህነትና መጋቢነት ያለው አቋም የተለያየ እንደሆነ አውቃለሁ። የተማሪዎቻችን ቤተሰቦችም ከተለያየ አጥቢያ የሚመጡ ናቸው። በዚያ ለመከራከር አልተቀመጥኩም። የሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ ግን ከየትኛውም አጥቢያ ብንመጣ ግዴታችን ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሕልዳና ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ለአራተኛ ክፍሎች ከሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 22 አስተማርኩ። ኢዮስያስ በነገሠ በ18ኛው ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ622 ገደማ መሆኑ ነው፣ ቤተ መቅደሱ ሲታደስ የሕጉ መጽሐፍ ተገኘ። ንጉሡ ሲነበብለት ልብሱን ቀደደ፤ 5 ሰዎችም እግዚአብሔርን እንዲጠይቁ ላከ። ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስ ከመካከላቸው ነው። በዚያ ዘመን ነቢዩ ኤርምያስም ማገልገል ጀምሮ ነበር። የሄዱት ግን ወደ ነቢይቱ ሕልዳና ነው። በኢየሩሳሌም በሁለተኛው ክፍል ትቀመጥ እንደነበር ሳነብ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሕልዳና ሁለተኛ ክፍል ነበረች?»

ክፍሉ ሳቀ። «አይ፣ የከተማዋ ክፍል ማለት ነው፤ እንደ ሰፈር» አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ ስንተኛ ክፍል ነበር የምታስተምረው?» አለች።

መልስ አጣሁ። ለዚህች ልጅ ሊቀ ካህናት መጽሐፍ ይዞ ሊጠይቃት የሚመጣ ሴት አስተማሪ መሆኗ ጥያቄ አይደለም። ያልገባት ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ብቻ ነው። ይህን ያስተማራት የእኔ ትምህርት አይደለም። በየቀኑ ወላጆች፣ መምህራን፣ አንዳንዴም ትልልቅ ሰዎች በምክትል ርዕሰ መምህርታችን በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ እያየች ነው ያደገችው።

ደግሞ የሕልዳና አመላለስ! «ወደ እኔ ለላካችሁ ሰው እንዲህ በሉት» ብላ ነው የምትጀምረው። በመጀመሪያ ቃሏ ንጉሥ አላለችውም፤ ሰው ነው ያለችው። የሚመጣውን ቁጣ አላለዘበችም፤ ንጉሡ ልቡ ስለተነካና ስላለቀሰ የሚጠብቀውን ምሕረትም አልደበቀችም። መልእክተኞቹ ይዘው ሄዱ፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ ንጉሡ ሕዝቡን ሁሉ ሰብስቦ መጽሐፉን ያነባል።

የዛሬው ዝግጅት ከአምናው አጠር ያለ ነበር። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተማሪዎች ያዘጋጁት ሥራ ተለጥፎ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሜሪ ማክሊዮድ ቤቱን ስለተባለች አሜሪካዊት አስተማሪ ያዘጋጀችው ፊት ብዙ ቆምኩ። ሜሪ እ.ኤ.አ. በ1904 በፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች፣ በ1 ዶላር ከ50 ሳንቲምና በ5 ልጃገረዶች ትምህርት ቤት የከፈተች ጥቁር ሴት ናት። ወላጆቿ በባርነት የኖሩ ናቸው። ተማሪዎቿ እርሳስ ስላልነበራቸው በከሰለ እንጨት ይጽፉ ነበር። ተማሪዋ ርዕሱን ራሱ በከሰል ጽፋዋለች፤ ጣቷ እስከ ክርኗ ጠቁሯል። ብዙ ሰው ታሪኩን ከሰሉ ላይ ያቆመዋል። ተማሪዋ ግን ቀጥላ፣ ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ ከሌላ ተቋም ጋር ተዋህዶ በኋላ ኮሌጅ እንደሆነ፣ ሜሪ ራሷም በፕሬዝዳንትነት እንደመራችው ጽፋለች። አቀፍኳት፤ ቀሚሴ ላይ የከሰል ጣት ቀርቷል።

የዕለቱን ምንባብ ያነበበው ያ የቤተ መጻሕፍቱ ልጅ ነው። ያነበበውም የሕልዳናን ምዕራፍ። «ኬልቅያስ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። አዳራሹ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። እኔ ከፊት ስለነበርኩ ቃሉን ልሰጠው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘወር ስል የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋን ከኋላ ረድፍ አየኋት። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እያየችው ነው፤ ከንፈሯም አልተንቀሳቀሰም። አፌን ዘጋሁ። ልጁ ተነፈሰ፣ «ኬል» አለ፣ ደገመ፣ አለፈው። በኋላ የቀሩትን ስሞች ሁሉ ሳይቆም አነበባቸው።

ከዚያ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ተነበቡ። ያቺ አያት ስማቸው ሲጠራ አልተነሱም፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ወደ ጎናቸው አዩ። የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸው።

የምክትል ርዕሰ መምህርቷ ወረቀት ላይ ስብሰባውን ጻፍኩት፤ ደብተሩን፣ 19ኙን ስም፣ «አሁን እንወስን» ማለቷን። ሲነበብ ፊቷ አልተለወጠም። ወረቀቱን ተቀብላ ቦታዋ ተቀመጠችና መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዝግጅቱ በኋላ ወንበር ስናነሳ አጠገቤ መጣች።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«ስብሰባው ረቡዕ አልነበረም፤ ማክሰኞ ነው። የአምስቱን ልጆች ክፍያ ደግሞ የሸፈኑት መምህራኑ ናቸው፤ ደመወዛቸው እየዘገየ። እሱም ይግባ።»

ይህን ብላ የወንበሩን ሌላኛ ጫፍ ያዘች።

እኔው የነበርኩበት ስብሰባ ስለሆነ ቀኑን በቃሌ ነበር የጻፍኩት። አሁን ቃለ ጉባኤውን አውጥቼ አየሁ። ማክሰኞ ነው። በታችኛው ገጽ ላይ የ11 መምህራን ፊርማ አለ። አርሜዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ከደወል በፊት ደግሜ አትምላታለሁ።