ናፍጣዋን ሸጬ ቤንዚን የገዛሁበት ምክንያት

ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላም ማራገቢያው መጮኹን አላቆመም። ቁልፉን ነቅዬ፣ በሩን ቆልፌ፣ የልጄን እጅ ይዤ ጥቂት ከተራመድኩ በኋላ እንኳን ከኮፈኑ ሥር እልህ እንደያዘው ሰው ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። ከመኪናዋ በስተኋላ የጋለ ብረት ሽታ ይመጣል። «ሙቀቱ ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። በዚያ ሳምንት ብቻ ሦስተኛው ነበር፤ ጠዋቱ ቀዝቃዛ እንደነበረ እንኳን ልብ አላልኩም።

ያቺ ቫን ናፍጣ ነበረች። አልጋ፣ ትንሽ ማድቤትና የውኃ ታንከር ያላት ካምፐር ቫን ስፈልግ ከጠየቅኳቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሳያመነቱ «ናፍጣ ግዢ» አሉኝ። ናፍጣ ጉልበት አለው፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሞተሩ ዕድሜ ይጠግባል። አልዋሹኝም። እኔም ብሆን ማንንም መጠራጠር አልፈለግኩም፤ በሐሳቤ የነበረው ረጅም የተራራ መንገድ፣ ሐይቅ ዳር ማደር፣ ሳምንት ሙሉ የሚዘልቅ ጉዞ ነው። ሁለት መኪና የማስተዳደር አቅም ግን አልነበረኝም። ስለዚህ ያቺው የሕልም መኪና ሰኞ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ እኔን ሥራ መውሰድ፣ ማታ ደግሞ የቤት ዕቃ ጭና መመለስ ነበረባት።

በአምስተኛው ወር ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ኮምፒውተር ከመሰካታቸው በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙ፣ በጨርቅ ጠረጉት፣ መልሰው ነከሩትና ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አንድ ጣት ያህል አልፏል።

«ዘይት ጨምረሽ ነበር?» አሉኝ።

«ኧረ እኔ ነክቼው አላውቅም፣ ጋሼ።»

ከዘንጉ ጫፍ በጣታቸው ጠረግ አድርገው አሸተቱና ለእኔም አቀረቡልኝ። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

«በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትነጃለሽ?»

«መሄጃው ስድስት፣ መመለሻው ስድስት። መሃል ላይ ትምህርት ቤት እቆማለሁ።»

«እንግዲያው ልጄ፣ ሞተሯ ምንም አልሆነም። መንገድ ነው ያጠራት።»

እስከዚያ ቀን ድረስ የሞተር ዘይት ሲጎድል እንጂ ሲሞላ አይቼ አላውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው። የአሁን ዘመን ናፍጣ መኪና ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ መንገድ ላይ ጥቀርሻውን የሚያስቀር ማጣሪያ አላት። ማጣሪያው ሲሞላ የሚጸዳው ያጠራቀመውን ጥቀርሻ በማቃጠል ነው፤ ለዚህም የጭሱ ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠጋት ይኖርበታል። በብዙ ሞተሮች ይህ ሙቀት የሚገኘው ከተለመደው ቅጽበት ዘግይቶ ተጨማሪ ናፍጣ በመርጨት ነው። መኪናዋ በሰፊ መንገድ ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል በአንድ ፍጥነት ከተነዳች ሥራው ሾፌሩ ሳያውቀው ይጠናቀቃል። እኔ ግን ማቃጠሉ በተጀመረ በአራተኛው ደቂቃ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደርሼ ሞተር አጠፋለሁ። ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ታክኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ በመጠን ይጨምራል፣ በጥራት ግን ይቀጥናል፣ ሞተሩን የማለስለስ አቅሙም ይደክማል። ያ የማራገቢያ ጩኸትና የጋለ ብረት ሽታ መኪናዋ የጀመረችውን ሳትጨርስ እንዳቋረጥኳት የምትነግርበት መንገድ ነበር ለካ።

ዘይቱ ተቀየረ። መካኒኩም በሳምንት አንድ ጊዜ ከከተማ ወጥቼ አንድ ሰዓት ያህል እንድነዳት መከሩኝ። ለሁለት ወር አደረግኩት። እሑድ እሑድ፣ የምሄድበት ሳይኖረኝ፣ ማጣሪያ ለማጽዳት ብቻ ሄጄ እመለስ ነበር። ነዳጅ ትቆጥባለች ተብላ የተገዛች መኪና ነዳጅ የሚያባክን ጉዞ ታዝዝልኝ ጀመር። ይባስ ብሎ ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ በጥቀርሻ ተደፈነ። ያኔ ነው ደብተር የገዛሁት።

ከደብተሩ በላይ የጠቀመኝ ነገር የለም፤ መግዛት የነበረብኝ ደግሞ ከመኪናዋ በፊት ነበር። ለ14 ቀን ሞተር ባስነሣሁ ቁጥር ርቀቱንና ሰዓቱን ጻፍኩ። 52 ጊዜ አስነሥቻለሁ። ከእነዚህ ውስጥ 41ዱ ከስምንት ኪሎ ሜትር ያነሱ ጉዞዎች ነበሩ። ሳልቆም ከግማሽ ሰዓት በላይ የነዳሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ እነዚያው የእሑድ ማጽጃዎች ናቸው። ሐይቁም ተራራውም ደብተሩ ውስጥ አልነበሩም። ሰው ስለ ራሱ አነዳድ ሲጠየቅ ያለፈውን የዕረፍት ጉዞውን ነው የሚያወራው፤ እኔም ስገዛ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። በዓመት የምነዳው 9,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእኔ ናፍጣ ለ100 ኪሎ ሜትር በአማካይ 11.5 ሊትር ትወስዳለች። በመጠን የምትመስላትን ቤንዚን ቫን የሚነዱ ሁለት ሰዎች ጠይቄ ሁለቱም 15 ሊትር አካባቢ አሉኝ። ልዩነቱ በዓመት 315 ሊትር ይመጣል። ይህ እንግዲህ ከእሑዱ ብክነት በፊት ነው። የማጣሪያውና የቫልቩ ጥገና ደግሞ ከሁለት ዓመት በላይ የሚሆነውን ቁጠባ በአንድ ቀን ከሰዓት በላው። ናፍጣ በሊትር ከቤንዚን አሥር በመቶና ከዚያ በላይ የሚበልጥ ኃይል እንደያዘ፣ ሞተሩም አየሩን አጥብቆ ስለሚያምቅ ያንን ኃይል የተሻለ እንደሚጠቀምበት አውቃለሁ። በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር በሰፊ ጎዳና የሚነዳ ሰው ስሌቱ በሌላ በኩል ይወጣለታል። እኔ ያ ሰው አይደለሁም።

ማጣሪያ የሌላት አሮጌ ናፍጣ እንድገዛ የመከሩኝም ነበሩ። ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ አልወደድኩትም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑን ወስኗል፤ እኔ ደግሞ በየጠዋቱ መኪና የማሞቀው የሰው መኝታ ቤት መስኮት ሥር ነው። ከጤናው ሌላ ሕጉም አለ። ለምሳሌ ለንደን በ2019 በጀመረችው የጭስ ገደብ ቀጠና ውስጥ ቤንዚን መኪና ያለ ክፍያ ለመግባት የአውሮፓን አራተኛ የጭስ ልቀት ደረጃ ማሟላቷ ሲበቃ፣ ናፍጣዋ ግን ስድስተኛውን ማሟላት አለባት። መኪናው ሲሸጥ ገዢው ይህን ይጠይቃል።

አዲሷን ናፍጣ ይዞ ሩቅ አገር ለመሄድ የሚያስብም ሰው ናፍጣው ውስጥ ስላለው ድኝ (ሰልፈር) ይጠይቅ። እነዚህ ማጣሪያ ያላቸው ሞተሮች የተሠሩት ድኝ እጅግ ለተቀነሰለት ናፍጣ ነው፤ በአውሮፓ ገደቡ በሚሊዮን 10 እጅ፣ በአሜሪካ 15 እጅ ነው። እንዲህ ያለ ናፍጣ ግን በሁሉም አገር አይሸጥም። «ናፍጣ የትም ይገኛል» የሚለው ምክር የመጣው ከአሮጌዎቹ ሞተሮች ዘመን ነው።

ቫኗን የሸጥኳት በየቀኑ 70 ኪሎ ሜትር ሄዶ 70 ለሚመለስ ሰው ነው። ደብተሩን ከፍቼ ሁሉንም አሳየሁት፤ ሳቀና ገዛት። ከስድስት ወር በኋላ ደውዬ ስጠይቀው ቢጫው መብራት አንድም ቀን አልበራበትም። ትንሽ ቀናሁ፤ አልዋሽም።

ቤንዚኗን ስገዛ ጠንቀቅ ብዬ ነበር። ሻጩን በስልክ «እስክመጣ ድረስ ሞተሩን አታስነሣው» አልኩት፤ ስደርስ ከሰላምታ ቀጥሎ ያደረግኩት ኮፈኑን በእጄ መዳበስ ነው። ከዚያ በፊት ያየኋት አንዲት መኪና ኮፈኗ ሞቆ ስለጠበቀኝ ትቻት ተመልሻለሁ። የሞቀ ሞተር ብዙ ነውር ይደብቃል። የዘይት ዘንጉንም ራሴ መዘዝኩ፤ ከጋሼ የተማርኩት ነው። ባዶዋን መንዳት ምንም ስለማይናገር የውኃ ታንከሯን አስሞልቼ፣ ሁለት ወንድሞቼን አሳፍሬ ዳገት ወጣሁባት። መካኒክም ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ለመቀየር ምን ያህል እንደሚያስቸግር እንዲያይልኝ አደረግኩ። አፍንጫቸው አጭር በሆነ ቫኖች ላይ የሞተሩ ግማሽ ወደ ውስጥ ስለሚገባ የአሥር ደቂቃ ሥራ የግማሽ ቀን የሚሆንበት አለ።

አሁን ደግሞ ያጣሁትን ልናገር። ናፍጣ ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው ሞተሩ ገና በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ እያለ ነው፤ የተጫነች ቫን ዳገት ላይ እንደ በቅሎ ዝም ብላ ትወጣለች። ተርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌላት የእኔ ቤንዚን ግን ያንኑ ዳገት ለመውጣት ከ4,000 ዙር በላይ መጮኽ አለባት። የመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ላይ ልጄ ጆሮዋን ይዛ «እማዬ፣ መኪናዋ እያለቀሰች ነው?» አለችኝ። እኔም እንደ ናፍጣ ልነዳት እየሞከርኩ፣ ከባዱን ማርሽ እንደያዝኩ ነዳጅ እረግጥባት ነበር። አንድ ማርሽ ቀድሞ መቀነስና ጩኸቱን ሳይፈሩ መልቀቅ እንደሚሻላት የገባኝ ከብዙ መንገድ በኋላ ነው። ከፍታም ያደክማታል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ደጋ የሚመላለስ ሰው ቤንዚንም ቢገዛ ተርቦ ያላትን ይፈልግ። ቁልቁለት ላይ ግን ካሰችኝ። ማርሽ ስቀንስ ሞተሯ ራሱ ጠበቅ አድርጎ ይይዛታል፣ ፍሬኔም አይግልም። ናፍጣዋ ያለ ተጨማሪ የጭስ ፍሬን እንዲህ አትይዝም ነበር።

ብርድ ሲሆን ቤንዚኗ ቶሎ ትሞቃለች፤ ከሰፈሬ ሳልርቅ መኪናዋ ውስጥ ሙቀት አለ። ናፍጣዋ ይህን ያህል ሙቀት የምታገኘው ሥራ በር ላይ ስደርስ ነበር። ሌሊት ተኝተው የሚያበሩት ማሞቂያ ናፍጣ ብቻ የሚቀበል መስሎኝ ብዙ ተጨንቄያለሁ፤ ከቤንዚን ታንከር የሚሠራም አለ።

ከነዳጁ ምርጫ ይልቅ በየቀኑ የሚያናድዱኝ ሌሎች ነገሮች ናቸው። 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ነው፤ ወራት ሙሉ ያንን ሸክም ትምህርት ቤት እያደረስኩ ስመልስ ነበር። አሁን ከጉዞ ስመለስ አፈሰዋለሁ። የመሳቢያዎቹን መንኳኳት በፎጣ አፈንኩት። የመኪናዋን ቁመት 2.65 ሜትር ብዬ ጽፌ ከመሪው በላይ ለጥፌዋለሁ፤ ጣራው ዝቅ ያለ ማቆሚያ መግቢያ ላይ ከኋላ መኪና ተደርድሮ ወደ ኋላ ለመውጣት የሞከረ ሰው ለምን እንደለጠፍኩት ያውቃል።

ባለፈው ሳምንት ነዳጅ ማደያ ገባሁ። ራስን በራስ መቅዳት በሚፈቀድበት ቦታ ነበር። ስልክ እያወራሁ፣ እጄ በልማዱ የናፍጣውን ቧንቧ አንሥቶ ወደ ታንከሩ አፍ ወሰደው። አልገባም አለ። ደግሜ ገፋሁት። የናፍጣው ቧንቧ አፍ ከቤንዚኑ ወፈር ያለ ነው፤ ለካ የብዙ ቤንዚን መኪና የታንከር አፍ አይቀበለውም። ስልኩን ዘግቼ ቧንቧውን ወደ ቦታው መለስኩት። ክዳኑ ላይ «ቤንዚን» የሚል ወረቀት የለጠፍኩት በዚያው ማታ ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ፣ በልጄ የእጅ ጽሑፍ።